ለድምፀ መረዋው ሥራ አስኪያጃችን፦ ስለ ዓሣ ዘይቱና ስለ እህቴ ምስክርነት

ለተከበሩ የሬዲዮ ጣቢያችን ሥራ አስኪያጅ፤ የጠዋቱ የጤና ፕሮግራም አዘጋጅ፣ አቅራቢ፣ አማካሪና ብቸኛ ተመራማሪ፤

ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ ብዬ መጠየቅ ወጉ ነበር፤ ነገር ግን በእርስዎ ፕሮግራም ከማለዳ እስከ ረፋድ የማይድን በሽታ ስለሌለ፣ ጥያቄው ራሱ እንደ ስድብ እንዳይቆጠርብኝ ፈርቼ ትቼዋለሁ። ጉሮሮዎ ግን ሰንብቶ እንዲቆይልን ከልብ እመኛለሁ፤ የሁላችንም ደመወዝ እሱ ላይ ተንጠልጥሏልና።

ማን እንደሆንኩ ላስታውስዎ ይፈቀድልኝ። ስቱዲዮ ገብተው ክራቫትዎን የሚያስተካክሉበት መስታወት፣ መስታወት ብቻ እንዳልሆነና ከጀርባው አንዲት ሴት ማዳመጫ አጥልቃ እንደምትቀመጥ አንዳንዴ አስተውለው ያውቁ ይሆናል፤ እኔ ነኝ። ጣትዎን ሲቀስሩ ሙዚቃ የማስገባ፣ ሲያስልዎ ማይክዎን የምዘጋ፣ ሲሳሳቱ ማስታወቂያ የማስቀድምልዎ የድምፅ ባለሙያዎ ነኝ። ከግርጌ ስሜን ያልጻፍኩት ፈርቼ አይደለም። ሁልጊዜ «አንቺ የመስታወቷ» ብለው ስለሚጠሩኝ፣ በስሜ ብፈርም ደብዳቤው ከማያውቁት ሰው የመጣ መስሎዎት በከንቱ እንዳይደክሙ ብዬ ነው።

በጋዜጣ የምጽፈውም በርዎን ሳላንኳኳ ቀርቼ አይደለም። አንኳኩቻለሁ። ጸሐፊዎ «ስለ ልጆች ትኩረት ስብሰባ ላይ ናቸው፤ አሁን ለአንቺ ትኩረት መስጠት አይችሉም» ብላ በትሕትና መለሰችኝ። በሌላ ጊዜ ኮሪደር ላይ አግኝቼዎት ማውራት ስጀምር፣ ስልክዎ ጠርቶ ለስልኩ «አዎ፣ እየሰማሁሽ ነው» አሉት፤ እኔም ለእኔ መስሎኝ እስከ መጨረሻው ተናገርኩ።

ፕሮግራሙን የማያዳምጥ አንባቢ ቢኖር፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ካለፈው ክረምት ወዲህ የተከበሩ ሥራ አስኪያጃችን ቀልባቸው አልሰበሰብ ስላለ፣ መቀመጥ ስለሚያቅታቸውና የጀመሩትን ስለማይጨርሱ ልጆች፣ ማለትም ሐኪሞች የትኩረት ማነስ ችግር ስለሚሉት ጉዳይ በየጠዋቱ ያስተምራሉ። ትምህርቱ ከየትም ቢነሳ መድረሻው ባለ ወርቃማ ክዳን ብልቃጥ ነው። በውስጡም የዓሣ ዘይት፣ ዚንክ፣ አይረን፣ ማግኒዚየምና ስማቸው ለምላስ የሚያስቸግር ቅጠላቅጠሎች በአንድ እንክብል ታጭቀው ይገኛሉ። የብልቃጡ አስመጪ የፕሮግራሙ ስፖንሰር መሆኑ በአጋጣሚ ነው። አድማጮች «ዶክተር» ይሉዎታል፤ እርስዎም አያርሟቸውም፤ ማረምም የለብዎትም፣ ዶክትሬቱ እውነተኛ ነውና። የአስፋልት ሥራ ነው እንጂ። ስለ አስፋልት አንድም ቀን ሲያስተምሩ ሰምቼዎት አላውቅም፤ መንገዶቻችንን ሳይ ደግሞ ምክንያቱ ይገባኛል።

እንግዲህ ወደ ቅሬታዎቼ ልለፍ፤ በሥርዓት ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ብልቃጡ ድምፅ። በየጠዋቱ «ይኸው፣ ጤና ይህን ይመስላል» ብለው ብልቃጡን ማይኩ ፊት ይወዘውዛሉ፤ አድማጭም ደስ የሚል መንሿሿት ይሰማል። እውነተኛዎቹ እንክብሎች ግን ለስላሳና ዘይታም ስለሆኑ እርስ በርስ ተጣብቀው ይተኛሉ እንጂ ድምፅ የላቸውም። በመጀመሪያው ቀን ወዘወዙት፣ ምንም አልተሰማም፤ በማግስቱ እኔ በባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ደረቅ ሽምብራ ጨምሬ እንድወዘውዝልዎ ታዘዝኩ። ክቡርነትዎ፣ ሥራዬ ነውና ወዝውዣለሁ። ግን አገሩ ሁሉ በጤና ስም የሚያዳምጠው ሽምብራ መሆኑ አንዳንዴ ይከነክነኛል። ሽምብራውን ብንሸጥላቸው ኖሮ ቢያንስ ቀቅለው ይበሉት ነበር።

ሁለተኛ፦ ስለ ጥናቱ። «በእጄ የያዝኩት ዓለም አቀፍ ጥናት እንደሚያረጋግጠው» ሲሉ፣ ማይኩ አጠገብ አንድ ወረቀት ያንኮሻኩሻሉ። እኔ መስታወቱ ወዲህ ስለምቀመጥ ወረቀቱን አየዋለሁ። አንድ ሰሞን ያለፈው ሳምንት የአየር ሁኔታ ዘገባ ነበር። አሁን ደግሞ የሠራተኞች የዓመት ፈቃድ ድልድል ነው፤ በዚህ ጥናት መሠረት ዘበኛችን የጠየቁት ፈቃድ ተከልክሏል፣ ስለ ዚንክ ግን አንዳች የሚለው የለም። «ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም» የሚለውንም ከዚሁ ወረቀት ሲያነቡ ሰምቻለሁ። እባብም ተፈጥሯዊ ነው፣ ክቡርነትዎ፤ ልጅ ግን አያስውጡትም።

ሦስተኛ፦ የሻይ ብርጭቆዎን የድምፅ መቆጣጠሪያዬ ላይ ያስቀምጣሉ። ይህ ከልጆች ትኩረት ጋር ግንኙነት የለውም፤ ግን ስኳሩ ይጣበቃል፣ እኔም ከጀመርኩ አይቀር ልናገረው ብዬ ነው።

አራተኛ፦ ስለ ሐኪሟ። አድማጮች «ሐኪምም ይጋበዝልን» ብለው በደብዳቤ ሲያጨናንቁዎት አንዲት የሕፃናት ሐኪም ጋበዙ። ሴትዮዋ ከሥራ ቀጥታ ስለመጡ ነጭ ጋወናቸው ትከሻው ላይ የልጅ ትውከት ነበረበት፤ ወንበራቸውም ከእርስዎ ዝቅ ያለው ነበር። የተናገሩትን እኔ እዚህ የምጽፈው፣ እርስዎ ያን ጊዜ ስልክዎን እያዩ ስለነበር ምናልባት አምልጦዎት እንደሆነ ብዬ ነው። ስለ ዓሣ ዘይት ብዙ ጥናት መሠራቱን፣ አንዳንዱ ጥቂት ለውጥ ማየቱን፣ ብዙው ግን ይህ ነው የሚባል ነገር አለማግኘቱን ተናገሩ። ወላጁም፣ ልጁም፣ መምህሩም ዘይት ያለበትን የወሰደው የትኛው ልጅ፣ ባዶውን የዋጠው የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ሲፈተን ልዩነቱ እየሳሳ እንደሚሄድም አስረዱ። ዚንክና አይረን በደም ምርመራ ጉድለት ለተገኘበት ልጅ እንደሚጠቅሙ፣ ጉድለት ለሌለበት ግን በተለይ አይረን ሲበዛ ሊጎዳ እንደሚችል አከሉ። ለልጆች የሚሰጥ የእንቅልፍ እንክብልም የሚያመጣው እንቅልፍ እንጂ ትኩረት እንዳልሆነ፣ ስለ ቅጠላቅጠሎቹ ያለው ማስረጃ ገና ስስ እንደሆነ፣ አንዳንዶቹም ከሌላ መድኃኒት ጋር እንደሚጋጩ አስረዱ። ለመጨረሻውና ለዋናው ነገር አፋቸውን ሲከፍቱ፣ «ከሁሉም በላይ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት...» እንዳሉ፣ ጣትዎ ወደ እኔ ተቀሰረ፤ የሳሙና ማስታወቂያ ገባ።

ሐኪሟ ከሄዱ በኋላ «ምናልባት ምናልባት የምትል ሴት ጠዋት ጠዋት አድማጭ ታስተኛለች» ብለው ሲስቁ ማይክዎ ለእኔ ክፍት ነበር። እውነት ነው፣ ሴትዮዋ «ምናልባት» ይላሉ፤ «እስካሁን ባለው ማስረጃ» ይላሉ፤ «በአንዳንድ ልጆች» ይላሉ። የሚያውቅ ሰው እንዲህ ሲያወራ ጆሮ ይሰለቻል። እርስዎ ተጠራጥረው ስለማያውቁ ድምፅዎ አይንቀጠቀጥም፤ ይህ የእግዜር ስጦታ ነው።

አምስተኛ፦ እዚህ ላይ ትንሽ እረዝማለሁና ትዕግሥትዎን እለምናለሁ፤ ስለ እህቴ ነው።

ታናሽ እህቴ የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፋበት ትልቅ ቤት ትሠራለች። ከመተኮሻው ጠረጴዛ በላይ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል፤ የእርስዎ ፕሮግራም ሲጀምር አለቃቸው ድምፁን ከፍ ያደርጉታል፣ ሲያልቅ ይዘጉታል። ልጇ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው። በቤት ስሟ ሽው እንላታለን፤ ለምን እንደሆነ ለመረዳት አጠገቧ ጥቂት መቆም ይበቃል፣ እሷ ግን ያን ያህል አትቆምልዎትም። ጥርሷን ልትቦርሽ ትሄድና ብሩሹን አፏ ውስጥ እንደያዘች ሦስተኛ ፎቅ ላይ የጎረቤት በር ማጠፊያ ለምን እንደሚጮህ ስትመረምር ትገኛለች። ደብተሯን አውቶቡስ ላይ፣ ሹራቧን ትምህርት ቤት፣ አንድ ጫማዋን እስከ ዛሬ ባልታወቀ ስፍራ ትታለች። ተረት ስትነግርዎ መጀመሪያው ግሩም ነው፤ መሐሉ ላይ ሌላ ተረት ይገባበታል፣ እሱም ላይ ሌላ። ልብ ካላየ ዐይን አያይም ይባል የለ? የዚች ልጅ ዐይን ሁሉን ያያል፣ ልቧ ግን ተከትሎት አይደርስም። መምህራኖቿ «ቀልበ ቢስ» ሲሏት ትስቃለች፤ ቤት ስትገባ አትስቅም።

እህቴ ብዙ አንገራግራ፣ ሰው እንዳያያት በኋላ በር አዙራ፣ እርስዎ በሳሙና ያስቆሟቸው ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ሐኪሟ መምህራኖቿን ጠይቀው፣ እናቷን ጠይቀው፣ ከራሷ ከሽው ጋር ተጫውተው መድኃኒት ጀመሩላት። እህቴም በዚያው ሳምንት ምን ይጎዳል ብላ የእርስዎን ብልቃጥ ገዛች። ሁለቱን ባንድ ሳምንት ጀመረች ማለት ነው።

ከዚያ ልጅቷ ተለወጠች። ሌላ ሰው አልሆነችም፤ የበር ማጠፊያ ዛሬም ትመረምራለች፤ ግን የጀመረችውን ትጨርስ ጀመር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወደ እኔ መጥታ፣ መጽሐፏን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ የአንድ ተረት መጨረሻ ነገረችኝ። መጨረሻውን፣ ክቡርነትዎ። በሕይወቴ የልጅቷ አፍ የተረት መጨረሻ ላይ ሲደርስ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ወጥ ቤት ገብቼ ሽንኩርት የምከትፍ አስመስዬ አለቀስኩ።

እህቴም ደስታው ቢያንቃት ወደ ፕሮግራሙ ደወለች። የደወለችው ከሥራ ቤቷ ኮሪደር ነው፤ ባልደረቦቿ ድምፅዋን በማጉያው ሲሰሙ የስፌት መኪኖቹ ሁሉ ቀጥ አሉ። እርስዎም በዚያ ማር በሆነ ድምፅዎ «እህት ዓለም፣ ልጅሽ ላይ ምን ለውጥ አየሽ?» ብለው ጠየቋት። እስቲ በእሷ ቦታ ሆነው ያስቡት። «ልጄ ሐኪም ያዘዘላትን መድኃኒት ትወስዳለች» ብትል፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ «ልጅቷ አእምሮዋን ታማለች አሉ» እንደሚባል ታውቃለች። የጠየቋት ደግሞ እርስዎ ነዎት፤ ሰው አክብሮ የጠየቀውን ባዶ እጁን አይሸኝም። ስለዚህ ይሉኝታ ይዟት፣ «ዕድሜ ለእርስዎ፣ ዕድሜ ለእንክብሉ፤ ልጄ አሁን ቁጭ ብላ ታጠናለች፣ መምህራኖቿም ማመን አቃታቸው» አለች። ስለ ሐኪሟ ትንፍሽ አላለችም።

ይህ ትንሽ ነገር ነበር። ሰው በየቀኑ የሚዋሸው፣ እግዜርም በየቀኑ የሚያልፈው ዓይነት ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉና፣ በሁለተኛው ቀን ተረስቶ ይቀር ነበር። እርስዎ ግን ቅጂውን ወደዱት። ከሥሩ ዋሽንት ያለበት ሙዚቃ እንዳስገባበት አዘዙ። በየጠዋቱ፣ ልክ ሰው ወደ ሥራ ገብቶ ጆሮው ሲከፈት፣ የእህቴ ድምፅ ይወጣ ጀመር፤ ውሸቱም እያደር መክበድ ጀመረ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት እህቴ ድምፅዋን ስትሰማ አፏን በመዳፏ ይዛ ትስቅ ነበር፤ ባልደረቦቿም «ታዋቂዋ!» እያሉ ያሾፉባት ነበር። ቀጥሎ መሳቁን ተወችና ዝም ብላ ማዳመጥ ያዘች። ቀጥሎ ራሷን ትነቀንቅ ጀመር። ጎረቤቶች በር ላይ እያቆሙ ምክር ይጠይቋታል፤ እሷም ትመክራለች። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል፤ የእኔ እህት ሌላ ሰው ሲል አልሰማችም፣ ራሷ ስትል ሰምታ ነው። በስተመጨረሻ የሐኪሟን መድኃኒት አቆመችው። ምነው ብላት ዐይኔን ትክ ብላ አይታ፣ «እኔ ራሴ ተናግሬ የለ እንዴ? በሕዝብ ፊት እዋሻለሁ?» አለችኝ። ክቡርነትዎ፣ ለዚህ መልስ የሚሆን ጥናት እጅዎ ላይ ካለ እባክዎ ያንኮሻኩሹልኝ።

መድኃኒቱ በቆመ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሽው ወደ ቀድሞዋ ተመለሰች፤ ከቀድሞዋም ባሰች፣ አሁን ምን እንዳጣች ታውቃለችና። ባለፈው ወር በትምህርት ሰዓት አንድ የውሃ ቦቴ ከግቢው ሲወጣ ከኋላው ውሃ ለምን እንደሚንጠባጠብ ለማየት ተከትላው ወጣች። ሁለት ትልልቅ መንገድ አቋርጣ የከተማ አውቶቡሶች ማደሪያ ግቢ ውስጥ ተገኘች። ሾፌሮቹ ወንበር ላይ አስቀምጠው ዳቦ ሰጥተዋት፣ ቦቴው የት እንደገባ እየጠየቀቻቸው ነበር። ርእሰ መምህርቷ እህቴን ጠርተው፣ ቢያዝኑም፣ ይህ አንድ ጊዜ ከተደገመ ልጅቷን መያዝ እንደማይችሉ ነገሯት። የሐኪሟ ቀጠሮም አልፏል። እህቴ ግን «እንክብሉ ገና ደም ውስጥ አልገባም፤ ይቆያል ብለዋል» ትላለች። ብለዋል፣ እውነት ነው፤ ዋሽንቱን ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ሐኪሟን ሄጄ ጠየቅኳቸው። እህቴን አልወቀሱም፤ እርስዎንም እንኳ አልወቀሱም፣ ይህም ስለ ሙያቸው ብዙ አስተማረኝ። ሁለት ነገር ባንድ ሳምንት ሲጀመር የትኛው እንደሠራ ከአንድ ልጅ ማወቅ እንደማይቻል፣ ለዚህም ሲባል ብዙ ልጆች በጥንቃቄ እንደሚጠኑ ነገሩኝ። ዘይቱ ብቻውን ልጅቷን ይጎዳል ብለው እንደማያስቡ፣ በእሱ ምክንያት የተተወው ነገር ግን እየጎዳት እንደሆነ ጨመሩልኝ። ይህን ሲሉ አንድም ጊዜ «ምናልባት» አላሉም።

ከዚያ በኋላ ነው ኮሪደር ላይ ያገኘሁዎት። ስልኩን ከዘጉ በኋላ በድጋሚ ሳስረዳዎት አንድ ነገር ብቻ ሰምተውኝ ነበር፦ «እህትሽ ናት እንዴ? ድምፅ አላት እኮ!» አሉና፣ ቅጂው ከሰዓት በኋላም እንዲደገም አዘዙ። ቤተሰባችንን ስላከበሩ እጅ እነሣለሁ።

ስድስተኛ፦ ይህን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ፤ ቀልድም አላገኘሁለትም።

ባለፈው ሳምንት ፈቃድ ወስጄ እህቴ ቤት ነበርኩ። ሽው አሞኛል ብላ ከትምህርት ቤት ቀርታለች። የሒሳብ ደብተሯ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እሷ መስኮቱ ጋ ናት፤ ተመልሳ ትቀመጣለች፣ ትነሣለች። ሬዲዮው ተከፍቷል። ዋሽንቱ ገባ፣ ቀጥሎ የእናቷ ድምፅ፦ ልጄ አሁን ቁጭ ብላ ታጠናለች። ሽው ቆመች። እስከ መጨረሻው አዳመጠች፤ እንዲህ ቀጥ ብላ አንድ ነገር ስታዳምጥ ካየኋት ቆይቷል። ከዚያ «አክስቴ፣ እማዬ ሬዲዮ ላይ የምታወራላት ልጅ ማን ናት?» አለችኝ። አንቺ ነሽ አልኳት። «እሷማ ድናለች» አለችኝ።

ቀጥላም ወንበር ስባ ቁም ሣጥኑ ላይ ያለውን ብልቃጥ አወረደች። አንዱን ዋጠች፤ ሁለተኛውን በእጇ ይዛ፣ ጥፋተኛ በሚመስል ድምፅ «ምናልባት በደንብ አልዋጥኳቸውም ይሆናል» አለች። ብልቃጡን ከእጇ ወሰድኩት። ልጅቷ የእንክብሉ ጉድለት መስሏት አያውቅም፤ ያልሠራችው እሷ ራሷ እንደሆነች ነው የምታምነው። ሬዲዮ ውስጥ አንዲት ደኅና ልጅ አለች፤ ቤት ውስጥ ያለችው እሷን መሆን አቅቷታል። በጣም ተናድጃለሁ፣ ክቡርነትዎ። ሌላውን ሁሉ በጨዋታ ጽፌዋለሁ፤ ይህን ግን በቁጣ ነው የጻፍኩት፤ እንዲያውቁትም እፈልጋለሁ።

ጥያቄዬ ትንሽ ነው። ቅጂውን ያንሱ። ስፖንሰርዎን ያስቀይሙ አላልኩም፤ ብልቃጡንም ከፈለጉ ይወዝውዙት፣ ሽምብራውን እቀጥላለሁ። ነገር ግን በራስዎ ድምፅ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገሩ፦ ሐኪም ለልጃችሁ ያዘዘውን መድኃኒት በእኛ ምክንያት ያቆማችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ወደ ሐኪማችሁ ተመለሱ። ይህን የሚከለክል ጥናት በዓለም ላይ የለም።

ለምን እርስዎ ይናገሩት ቢሉኝ፣ እኔ ሞክሬያለሁና ነው። ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣው ከመስጠቴ በፊት ለእህቴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላት፤ ስሟ እስካልተነሣ ድረስ ይታተም ብላ ፈቅዳለች። አልተቆጣችም። የምትሰፋበትን ክር በመርፌ ቀዳዳ አስገብታ ቋጨችና፣ «እሳቸው በሬዲዮ ይበሉትና ያኔ አምናለሁ» አለችኝ። በዚህ አገር እሷን የሚያሳምኑ ሁለት ድምፆች ብቻ ናቸው፦ አንዱ የራሷ ነው፣ ሌላው የእርስዎ። የራሷን ወስደዋል፤ የእርስዎን ያበድሩን።

በመጨረሻም፣ የሚያምር ድምፅ ከየትም ቢወጣ እንደሚታመን ስላስተማሩኝ፤ አስፋልት የተማረ ሰው የልጅ አእምሮ ላይ በነፃነት መንዳት እንደሚችል ስላሳዩኝ፤ አንዲት እናት ለአንድ ጠዋት የተናገረችውን ይሉኝታ ለወራት ስላቆዩልን፤ ለዚህ ሁሉ ውለታዎ በራሴ፣ በእህቴና መድኃኒታቸውን ባቆሙ ልጆች ወላጆች ስም ምስጋናዬን ከመስታወቱ ወዲህ ሆኜ፣ ማዳመጫዬን አውልቄ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ አቀርባለሁ።

ዘወትር ጣትዎን በመጠባበቅ ላይ ያለሁ፣

ታዛዥ የድምፅ ባለሙያዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህ ጋዜጣ የሚወጣው ሐሙስ ነው። ቅዳሜ ጠዋት የእህቴ ቅጂ ተራው ሲደርስ ጣትዎን እንደ ወትሮው ይቀስራሉ፤ እኔ ግን አልጫነውም። ሙዚቃም ማስታወቂያም አላስገባም። አበው ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ሬዲዮ ላይ ግን ከዝምታ ፈጥኖ የሚነቅዝ ነገር እንደሌለ እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። ማይክዎ ክፍት ይሆናል። ደብዳቤውን ያነበበ ሁሉ ስለሚያዳምጥ የዚያን ቀን አድማጭዎ እንደሚበዛ እርግጠኛ ነኝ፤ በስፌቱም ቤት መኪኖቹ ቀጥ ይላሉ። የሚሉት ነገር ቢጠፋዎ አይደናገጡ፣ አንድ እንክብል ይዋጡ፤ ለትኩረት ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። እሱም ካልሠራ ቀና ብለው ወደ መስታወቱ ይመልከቱ። ቅዳሜ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ከጎኔ አንዲት ልጅ ትቀመጣለች። በእርስዎ ፕሮግራም የዳነችው ልጅ እሷ ናት፤ ሰላም ይበሏት።